«ስኳር የለውም» የተባለው ለስላሳ

በኢፍጣር ማዕድ ላይ «ስኳር የለውም» ተብሎ የሚቀርበው ለስላሳ ጤናማ መጠጥ ነውን? በእኔ እምነት አይደለም። እርግጥ በ330 ሚሊ ሊትር መደበኛ ኮላ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር ስላለ፣ የስኳር ሕመም ላለባቸው አባቶችና እናቶች ከዚያኛው ይሻላል። ነገር ግን አሲዱ ጥርስን ይጎዳል፤ ምላስም ጣፋጭ መፈለጉን አይተውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደት ለመቆጣጠር ሲባል በእነዚህ ማጣፈጫዎች መጠቀምን እንደማይመክር አስታውቋል። («ካንሰር ያመጣል» እየተባለ የሚወራው ግን ከልክ ያለፈ ነው።)

ታዲያ በምን እናፍጥር? ቴምሩ ራሱ ጣፋጭ ነውና ውኃ ይበቃዋል። ያለ ስኳርና ያለ ማር የተመታ አብሽም መልካም ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ግን፣ አብሽ የደም ስኳርን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል፣ አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ።