ውሻን በቤት ስለ መግራት

በወላይታ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር በሶዶና በዙሪያዋ፣ ጅብ በሌሊት ወደ በግና ወደ ጥጃ እንዳይደርስ የሚጠብቅ ውሻ ለባለ እንሰቱ ቤት ትልቅ ረዳት ነው። ነገር ግን ቀን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውልና በዱላ የሚመታ ውሻ ወዳጅንም ጠላትንም ሳይለይ የሚናከስ ይሆናል። ስለዚህ ውሻውን ከመውቀሳችን በፊት አያያዛችንን መመርመር ይገባናል።

ውሻ የሚገራው በቡችላነቱ ነው። እጅ መንከስ ሲጀምር ጨዋታውን ማቋረጥ፤ ሲታዘዝ ወዲያው ጥቂት ምግብ መስጠት፤ የቤቱም ሰዎች ሁሉ በአንድ ቃል ማዘዝ ያስፈልጋል። ዛሬ የተከለከለውን ነገ ቢፈቅዱለት ይደናገራል። ካጠፋ ቆይቶ የመቱት እንደ ሆነ ፍርሃትን እንጂ ጥፋቱን አይማርም፤ የፈራ ውሻም ይናከሳል። ያለ ምክንያት የሚጮኸውን ጧትና ማታ ፈትተው በግቢ ውስጥ ቢያዘዋውሩት ጩኸቱ ይቀንሳል። ልጆችም ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት መምከር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2071ኛው ቁጥር፣ እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥ እንኳ ስለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኀላፊ ያደርገዋል። ከገንዘብ ዕዳ የሚብሰው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ያህል ነውና። ስለዚህ ውሻን በየዓመቱ ማስከተብ፤ የተነከሰም ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

ውሻ ማሳደግ የወደደ ሰው የጎረቤቱንም ልጅ ይጠብቅ።