የፖስትግሬስኪዩኤል አቅምና ተወላጆቹ፦ ለዜጎች መዝገብ ምን ትርጉም አላቸው?

ተገልጋዮች በአገልግሎት መስኮት ፊት «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ሲሰጣቸው መንስኤው የመረጃው መብዛት ሊመስል ይችላል። መዝገብ የሚያኖሩ ሥርዓቶች አቅም ሲመረመር ግን የሚታየው ሌላ ነው።

ከእነዚህ ሥርዓቶች አንዱ ፖስትግሬስኪዩኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር መሪነት በምርምር ተጀምሮ የአሁኑን ስሙን በ1996 ያገኘ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የመረጃ ቋት ሲሆን ባለቤት ኩባንያ የለውም። የፋይዳ መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተሰኘው ክፍት ሥርዓትም ለመረጃ ቋትነት የመረጠው ይህንኑ ነው። ጉዳዩ ኢትዮጵያዊውን ተገልጋይ የሚነካው በዚህ በኩል ነው።

በመደበኛ አደረጃጀቱ አንድ ሰንጠረዥ እስከ 32 ቴራባይት ይይዛል። የአንድ ሰው የጽሑፍ መዝገብ 2 ኪሎባይት ነው ቢባል የ100 ሚሊዮን ሰዎች መዝገብ 200 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ ይህም ከገደቡ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ሰንጠረዡን በመከፋፈል ገደቡን ማለፍም ይቻላል።

ጭንቀቱ የሚመጣው ከአጠቃቀም ነው። ሥርዓቱ ለእያንዳንዱ ግንኙነት ራሱን የቻለ የሥራ ሂደት ይከፍታል፤ በመነሻ ቅንብሩ የሚቀበለውም 100 ግንኙነት ብቻ ነው። ግንኙነቶችን የሚያጋራ መካከለኛ ሶፍትዌር ካልተተከለ ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ ወረፋ ይከማቻል። ሌላው ጽዳት ነው። የአንድ ሰው አድራሻ ሲቀየር የቀድሞው ረድፍ ወዲያው አይጠፋም፤ በኋላ ተጠርጎ ይወገዳል። የግብይት መለያ ቁጥሮች በ32 ቢት የተወሰኑ ስለሆኑ ጽዳቱ 2 ቢሊዮን ገደማ ግብይት እስኪያልፍ ከዘገየ፣ ሥርዓቱ መረጃው እንዳይበላሽ ሲል አዲስ ምዝገባ መቀበሉን ያቆማል። ይህ የባለሙያ ክትትል ጉድለት እንጂ የአቅም ማነስ አይደለም።

የፖስትግሬስኪዩኤል ፈቃድ ማንም ኮዱን ወስዶ የራሱን ምርት እንዲሠራ፣ ቢፈልግም እንዲዘጋው ይፈቅዳል። የአማዞን ሬድሺፍት ከ8.0.2 ሥሪት ተነሥቷል፤ ዩጋባይት ዲቢ መረጃን በብዙ ማሽኖች ላይ ያሰራጫል። ትምህርት ያለው ግን በግሪንፕለም ታሪክ ውስጥ ነው። ለሰፊ የመረጃ ትንተና የተሠራው ይህ ተወላጅ በ2015 ኮዱ ተከፈተ፤ በ2024 ደግሞ በብሮድኮም ባለቤትነት ሥር ሳለ ይፋዊው የኮድ ማከማቻ ተዘጋ። ከእርሱ የወጣው ክላውድቤሪ በዚያው ዓመት በአፓቼ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር ገብቶ በክፍት ኮድነት ቀጥሏል።

ለትንተና ተወላጅ መጠቀም ተገቢ ሊሆን ይችላል። የልደት፣ የመሬትና የመታወቂያ መዝገብ ግን አሥርተ ዓመታት የሚኖር በመሆኑ በዋናው ሥርዓት ላይ ማቆየቱ ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ለዚያም ቢሆን የማደሻ በጀት ያስፈልጋል፦ እያንዳንዱ ዋና ሥሪት የሚደገፈው ለ5 ዓመት ሲሆን የ13ኛው ድጋፍ በኅዳር 2025 አብቅቷል።