ብሬከሩን የቀየረው ማነው?

ቤት በተቃጠለ ቁጥር «መብራት ኃይል አቃጠለን» ማለት ለምደናል። የመብራቱ መቆራረጥና መዋዠቅ እውነት ነው፤ የሚክድ የለም። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ገመድ ግን የኛ ነው። እሱን የዘረጋው በስልክ ጠርተን፣ በዋጋ ተከራክረን ያስገባነው ባለሙያ ነው። ስለሱ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን ደጋ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይመታዋል። ከሰሉን ትቶ ክፍል ማሞቂያና ቦይለር የሚገዛ ሰው ደግ አደረገ፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ስንቱን በእንቅልፉ አስቀርቷል። ጣጣው ያለው ማሞቂያው ከተሰካበት ገመድ ላይ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የ2 ሺህ ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። የእንጀራ ምጣድ 4 ሺህ ዋት ከሆነ 18 አምፔር። ሁለቱ በአንድ ባለ 2.5 ገመድ ላይ ሲሰኩ 27 አምፔር ይሆናል፤ ባለ 16ቱ ብሬከር ይወድቃል። መውደቅ ሥራው ነው! ባለሙያ ነኝ ባዩ ግን «ብሬከሩ ደካማ ነው» ብሎ ባለ 32 ይተክላል። ባለቤቱም ያመሰግነዋል፤ ከእንግዲህ አይጠፋማ! ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ገመድ መሆኑን የነገረው የለም። ገመዱ ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ይግላል፦ በእንጨትና በጭቃ ግድግዳ ውስጥ፣ ከሸራ ኮርኒስ በላይ፣ በናስትሮ በተጠቀለለ መጋጠሚያ ላይ።

የመሬት ገመዱ ነገር ደግሞ ይብሳል። «ያለሱም ይሠራል» ይሏችኋል። አዎ፣ ይሠራል፤ የቦይለሩ ማሞቂያ ዘንግ ተበልቶ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃውና ወደ ቧንቧው እስኪያልፍ ድረስ። ያን ጊዜ በመሬት ገመዱ መውረድ የነበረበት ኃይል፣ በባዶ እግሩ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በቆመ ሰው በኩል ይወርዳል። አንዳንዱ «ዘዴኛ» ሶኬቱ ውስጥ የመሬቱን ቦታ ከኒውትራሉ ጋር ያገናኘዋል። ውጭ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት የቦይለሩ ቆርቆሮ ራሱ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ይህን አውቆ የሚሠራ ሰው «ተሳሳተ» አይባልም።

ሕግ አጥተን አይደለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስለ ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ይናገራል። ቴክኒክና ሙያ ያሠለጥናል፤ የሲኦሲ ምዘናም አለ። ታዲያ ወረቀቱን በር ላይ የሚጠይቅ ማነው? ለቀለም ቀቢና ለበር እጀታ ሳንሰስት የምንከፍል ሰዎች፣ ለአንድ ጥቅል ወፍራም ገመድ ሲሆን እንሰስታለን። መንግሥትም ቢሆን ቆጣሪ ሲያስገባ የቤቱን ውስጥ መሥመር በመሣሪያ ለክቶ ሊፈርም ይገባል፤ ቦይለርና ምጣድ ሲጨመርም እንደዚሁ።

እስከዚያው ቦይለር ሊሰቅል የመጣውን ሰው ከማከፋፈያው ድረስ ለብቻው ገመድ ይጎትት እንደሆነ፣ የመሬቱ ገመድ የት እንደሚቀበር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ይዞ መምጣቱን ጠይቁት። መልሱ «ችግር የለውም» ብቻ ከሆነ፣ መሰላሉን ሳይዘረጋ ሸኙት።