ሌባ ሻይ በአዲስ ካባ

በአዳማ የማውቃቸው አንዲት እናት ከእህታቸው ጋር ሰላምታ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። መነሻው ውርስ አይደለም፤ የገንዘብ ጠብም አይደለም። ልጃቸው ድንገት እየወደቀች መንፈራገጥ ስትጀምር «ሩቅያ አደርጋለሁ» ወደሚል ሰው ወሰዷት። ሰውየው ጮኸባት፤ ገረፋት፤ በመጨረሻም በልጅቱ አንደበት ጂን ተናገረ አለ። ጂኑም «የላከችኝ አክስቷ ናት» ብሎ መሰከረ ተባለ። ተከሳሿ ቃላቸውን ሳይሰጡ፣ ምስክሩም ሳይታይ ፍርዱ ጸና። የአርባ ዓመት እህትነት በአንድ ከሰዓት በኋላ ፈረሰ።

ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ፣ ከባቱ እስከ ሻሸመኔ ተመሳሳዩን ያልሰማ አንባቢ ካለ እድለኛ ነው።

እስልምና ሲሕርን አጥብቆ መከልከሉ አያከራክርም። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አጥፊ ካሏቸው ሰባት ኃጢአቶች ውስጥ ሲሕር ከሽርክ ቀጥሎ፣ ነፍስ ከመግደልም ቀድሞ ተቆጥሯል። ወደ «ዐዋቂ ነኝ» ባይ ሄዶ የጠየቀ ሰው የአርባ ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝም ሙስሊም ዘግቧል። ነገር ግን ክልከላው ለምን ይህን ያህል ከበደ? ሱረቱል በቀራ በ102ኛው አንቀጽ የሃሩትንና የማሩትን ታሪክ ሲያነሳ የሲሕርን ሥራ የሚገልጸው ባልና ሚስትን በመለያየት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሲሕር መለያው ቤተሰብ መበተን ከሆነ፣ ሲሕር እፈታለሁ እያለ እህትን ከእህት የሚለያየው ሰው የማንን ሥራ እየሠራ ነው?

ከሁሉ የሚያስደንቀው የነቢዩ የራሳቸው ታሪክ ነው። በቡኻሪ ዘገባ መሠረት ለቢድ ኢብን አል አዕሰም የተባለ ሰው በማበጠሪያና በጸጉር ሲሕር ሠርቶባቸው ጉድጓድ ውስጥ ደብቆት ነበር። አድራጊውን በራእይ ዐወቁት። ይህ ለአማኝ የሰፈር ወሬ አይደለም። ታዲያ ምን አደረጉ? አዒሻ (ረ.ዐ.) ነገሩን ለምን ወደ አደባባይ እንደማያወጡት ስትጠይቃቸው፣ አላህ እንደፈወሳቸውና በሰዎች መካከል ክፋት መቀስቀስ እንደማይሹ ነገሯት፤ ጉድጓዱም ተደፈነ። አል ጀሳስን የመሳሰሉ ሊቃውንት ዘገባውን ራሱን አልተቀበሉትም። የተቀበለውም ያልተቀበለውም ግን ከዚህ ታሪክ ጎረቤትን የመወንጀል ፈቃድ አያገኝም።

«ሶሐቦችም በሩቅያ ዋጋ ተቀብለዋል» የሚል መልስ እንደሚመጣ ዐውቃለሁ። እውነት ነው፤ በአቡ ሰዒድ አል ኹድሪ ዘገባ መርዛም ፍጡር የነደፈው የጎሣ አለቃ ሱረቱል ፋቲሓ ተነቦለት ሲድን በጎች ተሰጥተዋል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ግን የተገረፈ ሕመምተኛ፣ የተመረመረ ጂን፣ በስም የተጠራ ተከሳሽ የለም። በአቡ ሁረይራ ዘገባ ደግሞ ሌሊት እየመጣ የዘካውን እህል የሚሰርቀው ሰይጣን አንዲት እውነት ቢናገር እንኳ ነቢዩ ውሸታምነቱን ሳያነሱ አላለፉም። ውሸታምነቱ የተመሰከረበትን በምን አንጀታችን ምስክር እናደርጋለን?

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ አዲስ አይደለም። በአፄዎቹ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል፣ መንግሥት የሚያውቀው ሥርዓት ነበር። ለአንድ ብላቴና አደንዛዥ ዕፅ ይሰጠዋል፤ ወገቡን ታስሮ በመንደሩ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ዛሬ የተማርነው ሰዎች በዚያ አሠራር እንስቃለን። ልዩነቱ ግን ምንድን ነው? ብላቴናው በሕመምተኛ ልጅ፣ ዕፁ በዱላ ተተካ፤ ካባው ብቻ አዲስ ነው።

ሌላም ጫፍ አለ፤ «ጠንቋዮቹን በጉልበት እናጥፋቸው» የሚል። ግራዚያኒ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ በኋላ ጠንቋዮችና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዟል። ሰዎቹ ተረሸኑ፤ ጥንቆላ ግን ከፋሺስት አገዛዝ የረዘመ ዕድሜ አገኘ። መንገዱ ሕግ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የሰውን የተሳሳተ እምነት ተጠቅሞ ያላግባብ መበልጸግን በአታላይነት ያስቀጣል። ዱላም ሃይማኖት ለበሰ አልለበሰ ዱላ ነው።

የከተሞቻችን ኢማሞች አንዲት የጁምዓ ኹጥባ ለዚህ ጉዳይ ቢያውሉ ብዙ ቤት ይተርፋል። ወላጆችም የምትወድቅ ልጃቸውን ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ የሚጥል በሽታ ለአብዛኛው ሰው በመድኃኒት የሚታገድ ሕመም ነው። ነቢዩ ዘንድ ቀርባ «ይጥለኛል» ያለችው ጥቁር ሴት ትዕግሥትና ጸሎት ቀረበላት እንጂ «ማን አስደገመብሽ?» አልተባለችም። ቁርኣን ማንበብ የሚሻም ለልጁ ራሱ ያንብብ፤ የሚያስከፍለው የለም።

እኚያ እናት የእህታቸውን ደጅ ዛሬም አልረገጡም። ልጅቱ አሁንም ትወድቃለች። ጂኑ አንድም ብር አልወሰደም፤ አስተርጓሚው ግን ወስዷል።