ማሽን ስንገዛ የምናነበው ቁጥር

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ብየዳ ጽፈን ነበር። ዛሬ ብረት ስለሚቆርጥ ማሽን እንነግራችኋለን። ስሙ ፕላዝማ መቁረጫ ይባላል።

ሰሚት በአዲስ አበባ ምሥራቅ በኩል ያለ ሰፈር ነው። ኮንዶሚኒየምና ሌላም ብዙ ቤት ተሠርቶበታል። ቤት ሲሠራ የብረት በር፣ መስኮት፣ አጥርና የደረጃ መደገፊያ ይፈለጋል። ይህን የሚሠሩት የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ናቸው። በእንዲህ ያለ ሥራ ቤት ከገጠር የሄዱ ልጆችም ይሠራሉ። ምናልባት ከመካከላቸው የእናንተ ልጅ ይኖር ይሆናል።

እስቲ አምስት ልጆች ተደራጅተው ሥራ ቤት ከፈቱ እንበል። ዕቁብ ጥለው ገንዘብ አጠራቀሙ። ማሽን ሊገዙ መርካቶ ወረዱ። ነጋዴው ትልቁን ማሽን አሳያቸው። «ይሄ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይቆርጣል። ትልቁን ውሰዱ!» አላቸው። ይውሰዱት ወይስ ይተዉት? ተሳስተው ቢገዙ የአምስት ሰው ድካም ሜዳ ላይ ይቀራል።

በመጀመሪያ ማሽኑ እንዴት እንደሚቆርጥ እንወቅ። ኮምፕረሰር የሚባለው መሣሪያ አየርን ያምቃል። የታመቀው አየር በመቁረጫው ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። እዚያው ላይ ኤሌክትሪክ በአየሩ ውስጥ ያልፋል። አየሩ እጅግ ይግላል። ሙቀቱ ከ20,000 ዲግሪ በላይ ሊደርስ ይችላል። ብረት የሚቀልጠው ደግሞ በ1,500 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ብረቱ ይቀልጣል። አየሩም የቀለጠውን ጠርጎ ያወጣዋል። በዚህ መንገድ አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረትም ይቆረጣል። በኦክሲጅንና በጋዝ እሳት ግን እነዚህን ቆርጦ ማጥራት አይቻልም።

አሁን ወደ ግዢው እንመለስ። በማሽኑ ላይ ትንሽ ታርጋ ተለጥፋለች። ከማሽኑ ጋር መጽሐፍም ይመጣል። ጽሑፉ በፈረንጅ ፊደል ነው። ቁጥሩ ግን እናንተ በሰሌዳ ላይ የጻፋችሁት ቁጥር ነው። የሚነበቡት ቁጥሮች አራት ናቸው።

1ኛ፤ ውፍረት። አንዱ ቁጥር ማሽኑ አጥርቶ የሚቆርጠው ውፍረት ነው። ሌላው እንደ ምንም ታግሎ የሚበጥሰው ነው። ነጋዴ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ትልቁን ነው። ማሽኑ ሲታገል ግን ጠርዙ ይሻክራል፤ ሥራውም ይንቀራፈፋል። ስለዚህ «አጥርቶ የሚቆርጠው ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የበር ላሜራ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ከዓምድ ሥር የሚገባ ብረት 10 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሁሉ 40 አምፔር ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። 25 ሚሊ ሜትር ለማይቆርጥ ሰው ትልቁ ማሽን ምን ይሠራለታል?

2ኛ፤ ቮልት። የቤት መስመር 220 ቮልት ነው። ለፋብሪካ የሚገባው ባለ ሦስት ፌዝ መስመር 380 ቮልት ነው። ለ380 ብቻ የተሠራ ማሽን በ220 አይነሣም። 40 አምፔር ማሽን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ኮምፕረሰሩም የራሱን ይጨምራል። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ቆጣሪውንና ሽቦውን ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።

3ኛ፤ መቶኛ። ይህ የሥራና የዕረፍት ቁጥር ነው። 60 በመቶ ከተባለ ማሽኑ ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6 ደቂቃ ይቆርጣል፤ 4 ደቂቃ ያርፋል። በሬም ሳያርፍ ቢታረስበት ይወድቅ የለም እንዴ? ማሽንም እንደዚያው ነው።

4ኛ፤ የአየር መጠን። ማሽኑ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚፈልግ ተጽፏል። ኮምፕረሰሩ ከዚያ በላይ መስጠት አለበት። ኮምፕረሰር የሌለው ፕላዝማ አቻ የሌለው በሬ ነው፤ ለብቻው አይጠመድም። ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ ደምሩ። የውኃ ማጣሪያውንም አትርሱ። ከአየሩ ጋር ውኃ ከገባ የመቁረጫው ጫፍ ቶሎ ይበላል። በኮምፕረሰሩ ጋን ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ በየቀኑ ማፍሰስ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር እንጨምር። የመቁረጫው ጫፍና በውስጡ ያለው ኤሌክትሮድ እያለቁ የሚለወጡ ናቸው። መለዋወጫው ገበያ ላይ ከሌለ፣ ርካሽ የተባለው ማሽን ጥግ ይዞ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ መጀመሪያ መለዋወጫውን በእጃችሁ ያዙና እዩት።

ታዲያ አምስቱ ልጆች ምን ያድርጉ? ሥራቸው ቱቦ ብረትን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ብቻ ከሆነ ፕላዝማ አያስፈልጋቸውም። ግራይንደርና ዲስክ ይበቃቸዋል። ዝርግ ብረትን በክብና በቅርጽ የሚቆርጡ ከሆነ ግን 40 አምፔሩን ከኮምፕረሰር ጋር ይግዙ። የአበባ ቅርጽ ያለው በር አልፎ አልፎ ቢታዘዙስ? ቅርጹን በኮምፒዩተር የሚቆርጥ ማሽን ያላቸው ሥራ ቤቶች አሉ። ለእነርሱ ከፍለው ያስቆርጡ። ገንዘባቸውን ያሰፋው ማሽን ጥሩ ማሽን ነው፤ ገንዘባቸውን የዋጠው ግን ዕዳ ነው።

ጤናም ከገንዘብ ይበልጣል። የፕላዝማ ብርሃን ዓይን ይጎዳል፤ ያለ ጥቁር መነጽር አይታይም። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲቆረጥ ጭሱ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል፤ በር ተከፍቶ አየር ይግባ። ጫፉን ከመለወጥ በፊት ማብሪያው ይጥፋ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን በርሜል ከቶ አትቁረጡ፤ ባዶ ቢመስልም ይፈነዳል። ይህንን በከተማ ላለ ልጃችሁ በደብዳቤ ጻፉለት። አሁን መጻፍ ትችላላችሁ።

የንባብ ጥያቄዎች

1. ማሽኑ ላይ 40 በመቶ የሚል ቢጻፍ ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ደቂቃ ይቆርጣል? ስንት ደቂቃስ ያርፋል?
2. ማሽኑ በደቂቃ 150 ሊትር አየር ይፈልጋል። ኮምፕረሰሩ የሚሰጠው 120 ሊትር ነው። ስንት ሊትር ይጎድላል? ይገዛል ወይስ አይገዛም?
3. ነጋዴ «ትልቁን ውሰዱ» ቢላችሁ መጀመሪያ ምን ትጠይቁታላችሁ?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ለጎረቤታችሁም አንብቡለት።