ነህምያ አልቅሶ ብቻ አላበቃም

እኛ በምናገለግልባት፣ እንግሊዝ አገር ባለች የአማርኛ ተናጋሪዎች ቤተ ክርስቲያን፣ በሴፕቴምበር 2025 መጀመሪያ ላይ ባለች አንዲት እሑድ ከመድረክ ስህተት ተናገርን። (ቀኖቹን የምንጽፈው በምንኖርበት አገር አቆጣጠር ነው።) “ፓርላማው የስደተኛ ቤተሰብ እንዳይመጣ ሕግ አውጥቷል፤ በሩ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ሦስት ቀን እንጾማለን” ብለን አስታወቅን። ጾሙ መልካም ጾም ነበር። ማስታወቂያው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተሳሳተ ነበር።

ፓርላማው ያወጣው ሕግ አልነበረም። ሆም ኦፊስ የኢሚግሬሽን ደንቡን ቀየረ። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ያለ ክፍያና የገቢ መጠን ሳይጠየቅ የትዳር ጓደኛውንና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹን የሚያስመጣበት መንገድ ከሴፕቴምበር 4 ጀምሮ ለአዲስ አመልካቾች ለጊዜው ታገደ። ከዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ማመልከቻ ያስገባ ሰው ጉዳዩ እንደ ወትሮው ይታያል። ለሌሎቹ የቀረው እንደ ማንኛውም ነዋሪ በዓመት 29 ሺህ ፓውንድ ገቢ አሳይቶ ማመልከት ነው፤ ይህ ለብዙ ወገኖቻችን ከተዘጋ በር አይሻልም፣ ግን የተለየ ነገር ነው።

ይህ ልዩነት ለአንድ ወንድማችን ትንሽ ነገር አልነበረም። ማመልከቻውን ያስገባው በጁላይ ነው። እሑድ ዕለት የእኛን ማስታወቂያ ሰምቶ ወጣና አዲስ አበባ ላለችው ባለቤቱ ደውሎ “አበቃ” አላት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ይዞ ሥራ ገባ፣ ይህን ይዞ አምልኮ መጣ። በኋላ ከወጣቶቻችን አንዷ ዋናውን ሰነድ አውጥታ ስታነብለት ነው የገባው። ያን የሦስት ሳምንት ሐዘን ሆም ኦፊስ አልሰጠውም። እኛ ነን የሰጠነው።

ይቅርታ ጠየቅነው፤ ሰውዬውም ይቅር አለን። እኛ ግን ከዚያ በኋላ የነህምያን መጽሐፍ ስንከፍት አንድ ነገር አላስቀምጥ አለን። ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ ተቀምጦ አለቀሰ፣ ጾመ፣ ጸለየ። ይህ ምዕራፍ አንድ ነው፤ ይህን ምዕራፍ አበሻ አማኝ ያውቀዋል፣ ሰብኮታል፣ ኖሮታል። ምዕራፍ ሁለት ላይ ግን ይኸው ሰው ንጉሡ ፊት ሲቆም የሚፈልገውን ለይቶ ይናገራል፤ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ለየትኞቹ ገዢዎች ደብዳቤ እንደሚያስፈልገው፣ እንጨቱን የሚሰጠው ሹም ማን እንደሆነ ሁሉ ያውቃል። ኢየሩሳሌም ደርሶም ወዲያው አልሰበከም። ሦስት ቀን ቆይቶ በሌሊት ተነሥቶ፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር፣ የፈረሰውን ቅጥር በር በበር ዞሮ አየ። እንስሳዋ ማለፊያ ያጣችበት ቦታ ሳይቀር ተጽፎልናል። ጸሎቱ እግር አውጥቶ ሄደ ማለት ነው። የእኛ ጸሎት ግን ብዙ ጊዜ ከምዕራፍ አንድ መጨረሻ አያልፍም።

ለምን? አንዱን ምክንያት እኛ በዕድሜያችን እናውቀዋለን። ያደግነው በደርግ ዘመን፣ አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉበትና አማኞች በየቤቱ መጋረጃ ጋርደው በሚጸልዩበት ጊዜ ነው። ያ ትውልድ ከቀበሌ ደጅ መራቅን ለመትረፍ ሲል ተማረ፤ ቢሮ የሚጠራህ ለበጎ አልነበረም። ይህን ፍርሃት በሻንጣ ይዘነው መጣን። ዛሬም “ለፓርላማ አባልህ ጻፍ” ስንለው “ስሜ አይመዘገብብኝም?” የሚል ወንድም አለን። የሚስቅበት ካለ ያልደረሰበት ነው። ነገር ግን ይህን ፍርሃት “እኛ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም” የሚል መንፈሳዊ ካባ ስናለብሰው ስህተት ይሆናል። ሐዋርያው ለጢሞቴዎስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ ስለ ሹማምንት ጸልዩ ያለው፣ ስለማያውቁት ሹም የሚደረገውን ደፈናውን ጸሎት ብቻ አይመስለንም።

እንግዲህ እነዚህ ሹማምንት ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ? ብዙዎቻችን የምናውቀው ቴሌቪዥን ላይ ረቡዕ ረቡዕ የሚጯጯኹትን ነው። የታችኛው ምክር ቤት 650 አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ ተወካይነቱ በአካባቢው ለሚኖር ሰው ሁሉ ነው፣ ለመረጠው ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አገር ስላልሆነች ዜግነት እስክናገኝ ድረስ ለፓርላማ ድምፅ መስጠት አንችልም፤ የፓርላማ አባላችን ግን ጥገኝነት ጠያቂውንም ጭምር ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ አርብ አርብ ወደ አካባቢው ተመልሶ ሰው ያነጋግራል። ይህን “ሰርጀሪ” ይሉታል። አንዲት እናታችንን ወደዚያ ስንልካቸው “እኔ እኮ ጤነኛ ነኝ ልጄ” ብለው መለሱልን።

ስብሰባቸው በጸሎት እንደሚከፈትም ብዙዎቻችን አናውቅም። በር ተዘግቶ ይጸልያሉ፤ ለጸሎቱ የመጣ አባል ካርድ አስቀምጦ ለዕለቱ ወንበሩን መያዝ ስለሚችል፣ ለወንበሩ ሲል የሚመጣ አለ ይባላል። አንፍረድባቸው። እኛም ጋ ለወንበር የሚመጣ አይጠፋም።

ዋናው ሥራቸው ግን ካሜራ የማይከተለው ነው። አንድ የሕግ ረቂቅ በየአንቀጹ በኮሚቴ ይታያል፤ “ይችላል” የሚለው “አለበት” ተብሎ ሲለወጥ የብዙ ሰው ኑሮ ይለወጣል። በዚያ ላይ የስደተኛ ጉዳይ አብዛኛው በሕግ ሳይሆን በደንብ ነው የሚሄደው። ሚኒስቴሩ የለውጡን ሰነድ ለፓርላማ ያቀርባል፤ ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ በ40 ቀን ውስጥ ካልተቃወመው ይጸናል። ሰነዱ ረጅም ነው፣ ቋንቋው ደረቅ ነው፣ እኛ በመድረክ የተሳሳትነውም እሱን ሳናነብ ነው። ሌላው መሣሪያቸው የጽሑፍ ጥያቄ ነው። አባላቱ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጥያቄ ለሚኒስትሮች ይልካሉ፤ ሚኒስትሩ መመለስ አለበት፤ መልሱም ማንም በነጻ ሊያነበው ይወጣል።

ጥያቄ መጠየቅ ደካማ መሣሪያ የሚመስለው ሰው ካለ ስለ ኤሊኖር ራትቦን እንንገረው። ከ1929 እስከ ሞቱበት እስከ ጃንዋሪ 1946 ድረስ የፓርላማ አባል የነበሩ ሴት ናቸው። ፓርቲ አልነበራቸውም፤ በግል ነው የተመረጡት። በ1938 መገባደጃ በፓርላማው ውስጥ የስደተኞች ኮሚቴ አቋቋሙ። ሥራቸው የየሰውን ጉዳይ ፋይል መያዝ፣ ቪዛ የተከለከለውን በስሙ መከታተል፣ ሚኒስትር መጠየቅ፣ መልሱ ካላረካ እንደገና መጠየቅ ነበር። በ1940 ብሪታንያ ወረራ ስትፈራ ወደ 27 ሺህ የሚጠጉ የውጭ ዜጎችን አሰረች፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሂትለር የሸሹ አይሁድ ነበሩ። እስረኞችን ወደ ካናዳ ይዛ ስትሄድ የነበረችው አራንዶራ ስታር መርከብ በጁላይ 2 ተመትታ ሰጠመች፣ ከ800 በላይ ሰው ሞተ። ራትቦን ካምፑ ድረስ ሄደው አይተው ተመለሱ፤ ያዩትን ይዘው ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደራረቡ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው የሚደበቁ ሹማምንት ነበሩ ይባላል። በአንድ ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ አብዛኞቹ እስረኞች ተፈቱ። የፈታቸው የእርሳቸው ጥያቄ ብቻ ነው አንልም፤ ሌሎችም ጮኸዋል። በ1943 ደግሞ በናዚ እጅ ያሉትን ለማዳን ያደረጉት ውትወታ አብዛኛው ሳይሳካ ቀርቷል። በሉቃስ 18 ላይ ያለችውን መበለት ያነበበ ሰው ግን ይህችን ሴት ሳያስታውስ አይቀርም። ዳኛው የፈረደላት ደግ ስለሆነ አልነበረም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ታሪክ የሚነካ ነገር አለ። ራትቦን ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር አጥብቀው ከተቃወሙት የፓርላማ አባላት አንዷ ነበሩ። በዲሴምበር 1935 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋር ሆነው የአገራችንን ሰፊ ክፍል ለሙሶሊኒ የሚሰጥ እቅድ ሲያዘጋጁ፣ ተራው የእንግሊዝ ሕዝብ ለየፓርላማ አባሉ ደብዳቤ አዘነበ። እቅዱ ወደቀ፣ ሆርም ሥልጣን ለቀቁ። ኢትዮጵያን ያላየ፣ ምናልባትም በካርታ ላይ ለይቶ የማያሳይ ሰው ስለ እኛ ብዕር አነሣ። ጦርነቱን አላቆመውም፤ ያም ሆኖ ስለ አያቶቻችን የተጻፈ ደብዳቤ ነው። እኛስ በዚሁ አገር ስንት ዓመት ኖረን ስለ ማን ጻፍን?

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሆርን ክፉ ሰው ብለን እናልፍ ነበር። ይኸው ሰው በኖቬምበር 1938 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው፣ የአይሁድና የኩዌከር ወገኖች ልመና ይዘው ሲመጡ ሰሙ፤ በ21ኛው ቀን ምክር ቤቱ ተወያየ፤ በዲሴምበር 2 የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት ሃሪች ወደብ ደረሱ። ጦርነቱ እስኪጀመር ወደ 10 ሺህ ልጆች ገቡ። ወላጆቻቸው ግን አልተፈቀደላቸውም፤ ብዙዎቹ ልጆች እናታቸውን ዳግመኛ አላዩም። ስለ ሹማምንት ስንጸልይ ይህን እናስብ፤ አንዱ ሰው በ1935 ያጠፋው እጁ በ1938 ለበጎ ይፈርማል፣ በጎውም ጎዶሎ ይሆናል።

ከእነዚያ ልጆች አንዱ በ1939 ከፕራግ በስድስት ዓመታቸው የመጡት አልፍ ደብስ ናቸው። አድገው የፓርላማ አባል፣ በኋላም ሎርድ ሆኑ። በ2016 አውሮፓ ውስጥ ያለ ወላጅ የሚንከራተቱ 3 ሺህ ልጆች እንዲገቡ የሕግ ማሻሻያ አቀረቡ፤ በዚያን ጊዜ ካሌ ውስጥ በድንኳን ከነበሩት መካከል የኤርትራና የኢትዮጵያ ልጆችም ነበሩ። በኤፕሪል 25 የታችኛው ምክር ቤት በ294 ለ276 ጣለው። በማግስቱ የሎርዶቹ ምክር ቤት ቁጥሩን አውጥቶ መልሶ ላከው፤ መንግሥት ተቀበለ፤ በሜይ ሕግ ሆነ። እኛም በዚያ ሰሞን በቤተ ክርስቲያናችን “ጌታ በር ከፈተ” ብለን የምስጋና ጸሎት አደረግን።

“3 ሺህ” የሚለው ቁጥር መውጣቱን ግን አላየንም። በምትኩ የገባው ቃል መንግሥት ከአካባቢ አስተዳደሮች ጋር ተመካክሮ ቁጥሩን ይወስናል የሚል ነበር። በመጨረሻ የተወሰነው 480 ሆነ። ሎርድ ደብስ መጠየቃቸውን አላቆሙም። እኛ የምስጋናውን ቀን እንጂ የቀሩትን ልጆች አላስታወስንም። በዚያ ዓመት ከጉባኤያችን ለፓርላማ አባሉ የጻፈ አንድ ሰው አናውቅም፣ እኛንም ጨምሮ።

በዚህ ጉዳይ በጉባኤያችን ሁላችንም አንድ ሐሳብ የለንም። ከ20 ዓመት በፊት መጥቶ “አሁንስ ይብቃ፣ ይዘጋ” የሚል ወንድም አለን፤ ባሪያ አይደለም፣ የሚሠራበት ከተማ ቤት ሲወደድና ሐኪም ለማግኘት ወረፋው ሲረዝም ያያል። መንግሥት ድንበሩን የመጠበቅ ሥልጣን አለው፤ ሮሜ 13ን አልዘለልነውም። ዘዳግም 10 ላይ እግዚአብሔር መጻተኛውን እንደሚወድና እስራኤልም መጻተኛ እንደነበረ ያስታውሳቸዋል፤ በዓመት ስንት ሰው ይግባ የሚለውን ግን አልጻፈልንም። እኛ ከመድረክ ለአንድ ፓርቲ ድምፅ ስጡ አንልም። የምንለው፣ በአፋችን ስለ ስደተኛው የምንናገረው ነገር እውነት ይሁን ነው።

ይህም ወደ እኛ ደጅ ይመልሰናል። በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ “ፓስተር፣ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልኝ” እንባላለን። ጥቂቶቹ ሁለት እሑድ ብቻ መጥተው “አምስት ዓመት አገልግሏል በሉልኝ” ይላሉ። ልባችን ይራራል፤ ሰውዬው ተመልሶ ምን እንደሚጠብቀው እናስባለን። ነገር ግን አይተን ያልመሰከርነውን አንጽፍም። ዳኛው ፊት ቀርበን ስንጠየቅ የምናፍረው እኛ ብቻ ብንሆን ምንም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ደብዳቤ ሁሉ በዚያ አንድ ደብዳቤ ይመዘናል፤ በእውነት እስር ቤት ቆይታ የመጣችው እኅት በሰው ውሸት ትጎዳለች። ራትቦንን ያስፈራቸው ድምፃቸው አልነበረም፤ የያዙት ፋይል ትክክል መሆኑ ነበር።

አሁን ከአምልኮ በኋላ ሻይ በሚፈላበት ክፍል ጥግ አንድ ጠረጴዛ አለ። ሁለት ወጣቶቻችን የወጡትን ሰነዶችና የሚኒስትሮቹን መልሶች አንብበው በአማርኛ ያስረዳሉ፤ ከመድረክ ማስታወቂያ ከመነገሩ በፊትም እነርሱ ያዩታል። ሕግ አማካሪ አይደሉም፤ ምክር የሚያስፈልገውን ፈቃድ ወዳለው ጠበቃ ይመራሉ። የየሰው ፖስት ኮድ ተጽፎ ተወካዩ ማን እንደሆነ ተለይቷል። የዚያ የጁላይ ወንድማችን ጉዳይ እስካሁን መልስ አላገኘም። በመጪው አርብ ከእርሱና ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ወደ ተወካዩ እንሄዳለን። ትናንት ማታ ደውሎ ምን ይዤ ልምጣ አለን። ማመልከቻህን ያስገባህበትን ቀን የሚያሳየውን ወረቀት አልነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በቤተ ክርስቲያኑ በር ተገናኝተን፣ ጸልየን እንወጣለን።