ስለ ታላላቅ የኤሌክትሪክ ባትሪዎችና እሳታቸው እንዳይዛመት ስለ ማገድ

ነጋዴ አንድን ዕቃ ከውጭ አገር ለማስመጣት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ዋጋው ስንት ነው? መቼ ይደርሳል? ሻጩስ ለስንት ዓመት ዋስ ይሆናል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለጨርቃ ጨርቅም፣ ለብረታ ብረትም፣ ለመኪና መለዋወጫም በቂ ሆነው ኖረዋል። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዓለም ገበያ እጅግ እየተፈለገ ለመጣ ለአንድ ዐይነት ዕቃ፣ ይኸውም የኤሌክትሪክ ኀይል ለሚያከማች ታላቅ የሊትየም ባትሪ፣ አራተኛ ጥያቄ መጨመር አስፈላጊ ሆኗል። ጥያቄውም «ከውስጡ አንዲቱ ክፍል ብትቃጠል እሳቱ የት ላይ ይቆማል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ የተረጋገጠ መልስ ሳይቀበል ገንዘቡን የሚከፍል ገዢ፣ ዋጋውን የቱንም ያህል ቢያስቀንስ፣ አተረፈ ለማለት አይቻልም።

የእነዚህ ባትሪዎች ጥቅም አያከራክርም። ፀሐይና ነፋስ ኀይል በሚያበዙበት ሰዓት የተረፈውን ኤሌክትሪክ ተቀብለው፣ ሕዝብ መብራት በሚፈልግበት ሰዓት መልሰው ይሰጣሉ። አሠራራቸውም እንደሚከተለው ነው። ሴል የሚባሉት ትንንሽ የባትሪ ክፍሎች በሣጥን ይታሸጋሉ፤ ሣጥኖቹ በመደርደሪያ ላይ ይሰለፋሉ፤ መደርደሪያዎቹም በኮንቴይነር ወይም በአዳራሽ ውስጥ ይቆማሉ። አንዲት ሴል በፋብሪካ ጉድለት፣ ወይም ከመጠን በላይ በመሞላት፣ ወይም ከውጭ በመጣባት ሙቀት ብትግል፣ በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም በውስጧ ያለው ስስ የፕላስቲክ መለያ መቅለጥ ይጀምራል። መለያው ሲጠፋ ሁለቱ ወገኖች በቀጥታ ይገናኛሉ፤ ከዚያም በኋላ ሙቀቱን የምታመነጨው ራሷ ሴሏ ናት። እንጨት ወይም ጥጥ ሲቃጠል አየር ቢከለክሉት ይጠፋል፤ ይህ ግን አየር ቢከለከልም ግለቱ አይቆምም። ጎረቤቷ የሆነችውም ሴል በበኩሏ ትግላለች፤ ከእርሷም ወደ ሦስተኛይቱ፣ ከሦስተኛይቱም ወደ አራተኛይቱ እያለ ይቀጥላል።

እንግዲህ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሴሎች በሚሠሩበት ዓለም አንዲትም እንከን ያላት አትገኝም ብሎ ተስፋ መስጠት የሚችል ፋብሪካ የለም። ስለዚህ የባለሙያነቱ መለኪያ «ከቶ አይቃጠልም» ማለት አይደለም፤ ቢቃጠል ከተነሣበት ስፍራ እንዳያልፍ አድርጎ መሥራት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

ለዚህ ነገር በአሜሪካ፣ በካሊፎርንያ የባሕር ጠረፍ ላይ ከምትገኘው ከሞስ ላንዲንግ የተሻለ ምስክር አይገኝም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በዚህች አንዲት ስፍራ ሁለት ታላላቅ የባትሪ ማከማቻዎች ጎን ለጎን ተተክለው ነበር። በአንደኛው 256 የባትሪ ኮንቴይነሮች በሜዳ ላይ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሆኖ ቆመዋል። ሁለተኛው ግን 300 ሜጋዋት የሚሰጥ ሲሆን፣ ባትሪዎቹ የተደረደሩት የቀድሞው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይኖች በነበሩበት አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በመስከረም ወር 2022 በመጀመሪያው ማከማቻ እሳት ተነሣ፤ ለጊዜው አውራ ጎዳናው ተዘጋ፤ ነገር ግን የተቃጠለው ከ256 አንድ ኮንቴይነር ብቻ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 2025 ደግሞ በሁለተኛው ማከማቻ እሳት ተነሣ። ወደ 1,200 የሚደርሱ ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ፤ በአዳራሹ ከነበሩት ባትሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት ተጐዱ፤ ጠፋ ከተባለም በኋላ ከአንድ ወር ገደማ ቈይቶ በየካቲት 18 ቀን እንደ ገና ተቀጣጠለ። የተረፉትን ባትሪዎች ፈትቶ ማንሣትም የብዙ ወራት ሥራ ሆነ።

ሁለቱ ማከማቻዎች የተለያየ ፋብሪካ ሥራ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለውም የባትሪ ዐይነትና አሠራር አንድ አይደለም። ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ልዩነት የአቀማመጡ ነው። በሜዳ ላይ የተነሣው እሳት የሚበላው ባጣ ጊዜ በዚያው ሞተ፤ በአንድ ጣራ ሥር የተነሣው ግን ጎረቤት እየበላ ሄደ።

ሆኖም ከቤት ውጭ ማቆም ብቻውን መድኀኒት አለመሆኑን በ2021 በአውስትራልያ የደረሰው ነገር ያስረዳል። በቪክቶርያ ክፍለ ግዛት፣ ከጂሎንግ ከተማ አጠገብ 212 ኮንቴይነሮች ያሉት ማከማቻ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ በሐምሌ 30 ቀን የአንደኛው ኮንቴይነር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አፈትልኮ እሳት አስነሣ። የዚያን ዕለት ነፋስ ነበር። ነፋሱም ነበልባሉን ወደ ጎረቤቱ ጣራ አጋደለው፤ በጣራው ላይ የነበሩት መተንፈሻዎች ክዳናቸው ፕላስቲክ ስለ ነበር ቀለጡ፤ እሳቱም በዚያ በኩል ገባ። ሁለት ኮንቴይነሮች ጠፉ፤ እሳቱን በቁጥጥር ሥር ለማዋል ከሦስት ቀናት በላይ ወሰደ። በሰው ላይ ግን ጉዳት አልደረሰም። ከዚህም በላይ የሚያስገርመው፣ ኮንቴይነሩ በዚያ ሰዓት በቁልፍ ተዘግቶ ስለ ነበር የሩቅ ተቈጣጣሪው መሣሪያ ሁኔታውን ሊያይ አለመቻሉ ነው። ከዚያ በኋላ መተንፈሻዎቹ በብረት ሽፋን እንዲጋረዱ ተደረገ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ትምህርቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን በ2022 በሞስ ላንዲንግ የተነሣው እሳት ምክንያት ሲመረመር፣ በመተንፈሻ ላይ የሚደረግ ሽፋን በትክክል ሳይገጠም ቀርቶ ውሃ ወደ ውስጥ መግባቱ ተገለጠ። እንግዲህ መልካም ዕቃ መግዛት ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ የገጣሚው ጥንቃቄና የተቈጣጣሪው ዐይን ነው። ገጣሚውን በርካሽ የሚቀጥር ሰው በውድ የገዛውን ዕቃ ያረክሳል።

እሳት የሚዛመተው በነበልባል ብቻም አይደለም። የጋለች ሴል የምትተፋው ጋዝ ሃይድሮጂንና ሌሎች ተቀጣጣዮች አሉበት። በ2019 በአሜሪካ፣ በአሪዞና ክፍለ ግዛት፣ ሰርፕራይዝ በምትባል ከተማ በሚገኝ 2 ሜጋዋት ባለው አነስተኛ ማከማቻ ውስጥ ግለት ተነሣ። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ እንደ ታሰበው ተለቀቀ፤ ነገር ግን ነበልባልን እንጂ ግለትን የሚያቆም ስላልነበረ፣ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ሴል ለሴል እየተቀባበለ ጋለ፤ የወጣውም ጋዝ መውጫ አጥቶ በቤቱ ውስጥ ተጠራቀመ። ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሩን በከፈቱ ጊዜ ፈነዳ፤ አራቱ ክፉኛ ቈሰሉ። የእሳቱ መነሻ በባለሙያዎችና በፋብሪካው መካከል ቢያከራክርም፣ በሴሎቹ መካከል በቂ የሙቀት መከላከያ እንዳልነበረ በ2020 የወጣው የምርመራ ጽሑፍ አስፍሯል።

በ2021 በቤይጂንግ የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በደቡቡ ሕንፃ ከጋለው ባትሪ የወጣው ጋዝ በኤሌክትሪክ ገመድ ቦይ ተጉዞ ወደ ሰሜኑ ሕንፃ ገባ፤ በዚያም የኤሌክትሪክ ብልጭታ አግኝቶ ፈነዳ። ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞችና አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ ሞቱ። እነዚያ ባትሪዎች «የብረት ፎስፌት» የሚባሉት፣ በገበያ ላይ አስተማማኝ ናቸው እየተባሉ የሚሸጡት ዐይነቶች ነበሩ። በእርግጥም ይህ ዐይነት ለመጋል ከሌላው የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፤ ይሁን እንጂ ከጋለ በኋላ የሚተፋው ጋዝ አይናቅም። ስለዚህ «የኛ ዕቃ ፎስፌት ነው» የሚል የሻጭ ቃል የመጀመሪያውን ሥጋት ይቀንሳል እንጂ ሌላውን ጥያቄ አይዘጋም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ሥጋት ከልክ ያለፈ ነው ይሉታል። ክርክራቸውም መሠረት የሌለው አይደለም። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኀይል ምርምር ኢንስቲትዩት የሰበሰበው መዝገብ እንደሚያሳየው፣ ከተተከለው ባትሪ ብዛት ጋራ ሲነጻጸር የአደጋው መጠን ከ2018 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ከመቶ 97 ያህል ቀንሷል። ይህ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን የቀነሰው በዕድል አይደለም። የቀነሰው በሴሎች መካከል መከላከያ ስለ ገባ፣ ኮንቴይነሮች ስለ ተራራቁ፣ የጋዝ መውጫ ስለ ተበጀ፣ ሕግም ስለ ወጣ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 855 በተባለው ደንቡ፣ በታላቅ የእሳት ሙከራ ሌላ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ባትሪ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በማይበልጥ ክፍል እንዲከፈልና በክፍሎቹ መካከል 90 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲተው አዟል። የአደጋውን ማነስ እየጠቀሰ አደጋውን ያሳነሰውን ወጪ ለመቀነስ የሚከራከር ሰው፣ ዝናብ አልነካኝም ብሎ ጣራውን እንደሚያፈርስ ሰው ነው።

ሁለተኛው ክርክር የገንዘብ ነው። ርቀት መሬት ይፈልጋል፤ ገመድ ያስረዝማል፤ በሴሎች መካከል የሚገባው መከላከያም ዋጋ አለው። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ወጪው ሲቀር የሚጠቀመውና አደጋው ሲመጣ የሚጐዳው አንድ ሰው አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። ባትሪውን አጠጋግቶ ዋጋውን ያሳነሰው ሻጭ ጨረታውን ያሸንፍና ይሄዳል፤ ዕዳው ግን ለገዢው፣ ለጎረቤቱና በሩን ለሚከፍተው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ይቀራል። በዚህ ዐይነት የተገኘ ቅናሽ ቅናሽ ሳይሆን ከሌላ ሰው ሳይጠይቁ የተበደሩት ብድር ነው። ኢንሹራንስ አለ የሚለውም መልስ በቂ አይደለም፤ ኢንሹራንስ የብረቱን ዋጋ ይከፍላል እንጂ የሞተውን አያስነሣም።

ስለዚህ አስመጪው በውል ላይ እንዲጻፉ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ «ዩ ኤል 9540 ኤ» የተባለው የእሳት ሙከራ ሙሉ ጽሑፍ ይቅረብ። ይህ ሙከራ ግለቱ ከሴል ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ መደርደሪያ፣ እስከ ተከላው ስፍራ ድረስ እንዴት እንደሚሄድ የሚለካ እንጂ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ተብሎ ምልክት የሚሰጥበት አይደለም። ስለ ሆነም «ዕቃችን ሙከራውን አልፏል» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ምንም አያስረዳም፤ ውጤቱን ራሱን ለባለሙያ ማስነበብ ያስፈልጋል። የተሞከረውና የሚላከው ዕቃ አንድ ዐይነት መሆኑም ይረጋገጥ። የተባበሩት መንግሥታት 38.3 የሚባለው የምስክር ወረቀት ደግሞ ባትሪው ጉዞን የሚችል መሆኑን እንጂ የተከላውን ደኅንነት አያሳይም፤ ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም። ሁለተኛ፣ በኮንቴይነሮች መካከል የሚተወው ርቀት በሜትር ተለክቶ ይጻፍ፤ በተከላ ጊዜም አይቀነስ። ሦስተኛ፣ የጋዝ መለያ መሣሪያ፣ የጋዝ መውጫና ፍንዳታውን ሰው ወደሌለበት የሚያስተነፍስ መክፈቻ ይኑር፤ የገመድ ቦዮችም ይታሸጉ። አራተኛ፣ የመቈጣጠሪያው መሣሪያ ከሙከራው የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ይሥራ። አምስተኛ፣ የስፍራው ካርታና በአደጋ ጊዜ የሚደረገው ሁሉ ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ይሰጥ። ስድስተኛ፣ ቢቃጠል ፍርስራሹን ማን እንደሚያነሣና ማን እንደሚከፍል ይወሰን።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ የሚመስለው ነጋዴ ካለ ገበያውን ይመልከት። ከ2016 ዓ/ም አጋማሽ ወዲህ ወደ ኢትዮጵያ እንዲገቡ የሚፈቀዱት የቤት አውቶሞቢሎች በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ሆነዋል፤ ስለዚህ የሊትየም ባትሪ የብዙ አስመጪዎችና የመለዋወጫ ነጋዴዎች ዕቃ ሆኗል። በባሕር ሲጓዝ በ9ኛው የአደገኛ ዕቃዎች ክፍል የሚመዘገበው ዕቃ፣ መጋዘን ሲገባ ከሸራና ከካርቶን ጋራ የሚከመርበት ምክንያት የለም። በጥቅምት ወር 2017 ዓ/ም በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ እዚህ የሚነሣው ስለ ባትሪ ሳይሆን ስለ መጠጋጋት ነው፤ ሱቅ ከሱቅ በተጣበቀበትና መንገድ በጠበበበት ስፍራ የአንዱ እሳት የሁሉ እሳት እንደሚሆን ነጋዴው ከማንም የበለጠ ያውቃል። ያረጀና የተጐዳ ባትሪን ከአዲሱ ለይቶ፣ ከግድግዳና ከሌላ ዕቃ አርቆ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ጥሩ ነጋዴ የሚታወቀው የሸጠው ዕቃ ከሱቁ ከወጣ በኋላም በስሙ ሲጠራ የማያፍርበት እንደ ሆነ ነው። ታላላቅ ባትሪዎች ወደ ገበያ መግባታቸው አይቀርም፤ መግባታቸውም መልካም ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የዋጋ ማቅረቢያ ደብዳቤ ለሻጭ ሲጻፍ፣ ከዋጋው፣ ከጊዜውና ከዋስትናው ቀጥሎ አራተኛው ጥያቄ በአንድ መስመር ይጨመር፤ መልሱም እስኪመጣ ድረስ ባንኩ ክፍያውን እንዲለቅ አይታዘዝ።